ሽማግሌ በመጣ ዕለት የሞላው ቱቦ

አቶ ኤርሳዶ ባሕርን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። አያት ኮንዶሚኒየም፣ እሳቸው በሚኖሩበት ብሎክ ውስጥ፣ ይህን አፉን ሞልቶ የሚናገር ሌላ ሰው የለም። በጉብዝናቸው ወራት ተሳቢ መኪና ይዘው አሰብ ድረስ ይመላለሱ ነበር፤ ኋላም የጅቡቲን መስመር ያዙ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ቢያስቸግራቸውም፣ ወሬያቸው አሁንም ቁልቁል ወደ ባሕር ነው የሚነዳው። ጎረቤት ስለ ሙቀት ሲያማርር "ይሄም ሙቀት ሆኖ! አሰብን ባየህ!" ይላሉ። ጨው የበዛበት ወጥ ሲቀርብላቸው ደግሞ ስለ ባሕር ውሃ ሳያነሡ አይጎርሱም።

ስለዚህ አንድ ማለዳ ልጃቸው ናኦሚ ቁርስ ላይ ቀና ብላ፣ "አባዬ፣ ሞምባሳ ሄጄ ስለ ባሕር ጥናት እንዳቀርብ ተጋበዝኩ" ስትላቸው፣ ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም።

"የኔ ልጅ! ስለ ባሕር? ስለ ምኑ?"

"ከየብስ እየተነሣ ባሕር ስለሚገባው ብክለት።"

"መርከብ ሲሰበር የሚፈሰው ዘይት ነው?"

"እሱ ሌላ ነው። የኔ የሚበሰብሰው ነገር ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የቄራ ደምና ፈርስ፣ የከብት እበት፣ ከወጥ ቤት የሚደፋ ቅባት…"

አቶ ኤርሳዶ የጠቀለሉትን ፍርፍር ሳህኑ ላይ መለሱት። "ቁርስ ላይ ነን እኮ፣ ልጄ።"

የቤቱ ችግር ይህ ነበር። ናኦሚ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አባቷ ሐኪም ትሆናለች ብለው ነበር። እሷ ግን መገናኛ አካባቢ ባለ የውሃ ጥናት ድርጅት ተቀጥራ፣ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ጓንቷን አድርጋ፣ ከየወንዙና ከየቦዩ ውሃ በጠርሙስ እየቀዳች የምትመረምር ሆነች። ክፉ ሥራ አይደለም፤ ደመወዙም ደህና ነው። ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው "ልጅዎ ምን ትሠራለች?" ሲላቸው አቶ ኤርሳዶ "ላቦራቶሪ ውስጥ ናት" ይላሉ። ጠያቂውም "ጌታ ይባርካት፣ ሕሙማንን የምትረዳ!" ሲል፣ "አሜን" ይላሉ። አልዋሹም። ዓረፍተ ነገሩን ብቻ አልጨረሱትም።

ሽማግሌ ሊመጣ ነው በተባለ ጊዜም ያንኑ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነበር ያቀበሉት። ናኦሚን የወደዳት አብኔዘር የሚባል ቦሌ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ በመዘምራን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ነው። እሱ ራሱ ሥራዋን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹ ግን የሰሙት ከአቶ ኤርሳዶ ነበር። "ላቦራቶሪ ውስጥ ናት።"

ቅዳሜ ደረሰ። ሚስታቸው ወይዘሮ ማዕዛ ከማለዳ ጀምሮ ወጥ ቤት ገብተዋል፤ ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ተናኜም ሽንኩርት ከትፈው፣ ዶሮ ገነጣጥለው ሲያበቁ ላባውን ሊጥሉ ወርደዋል። ወይዘሮ ተናኜ ከሳሊተ ምሕረት ደጅ የማይለዩ የተዋሕዶ ሰው ናቸው፤ እነ ማዕዛ ደግሞ ከሆሳዕና የመጡ ጴንጤዎች። በጾምና በበዓል አይገናኙም፤ በድስት ግን ተለያይተው አያውቁም። ናኦሚም በወጉ መሠረት ሽማግሌዎቹ እንዳያዩዋት ወይዘሮ ተናኜ ቤት ወርዳ እንድትቀመጥ ተወስኗል።

"ኤርሳዶ፣" አሉ ወይዘሮ ማዕዛ ከወጥ ቤት፣ "ያንን ጄሪካን ከበረንዳው አንሣልኝ። እንግዳ እጁን የሚታጠበው እዚያ ነው።"

ጄሪካኑ የናኦሚ ነበር። አፉን በቢላ አስፍታ ቆርጣ፣ የተጠበሰበት ዘይት ሁሉ፣ ከወጥ ላይ የተገፈፈ ቅባት ሁሉ እዚያ ውስጥ እንዲጠራቀም ያዘዘች እሷ ናት። ሲሞላ የላምበረት ሳሙና ሠሪዎች መጥተው ይወስዱታል። በዚያ ሰሞን ግን አልመጡም ነበርና እስከ አፉ ሞልቷል። የሚረጋው ዘይት፣ የዶሮ ስብ፣ የበሬ ጮማ ቅላጭ፣ ከፋሲካ የተረፈ ቅቤ፣ ሁሉም በብርዱ ተያይዞ እንደ ሰም ጠንክሯል።

አቶ ኤርሳዶ ጄሪካኑን ታቅፈው ትንሽ ቆሙ። የት ይወስዱታል? ታች ቢያወርዱት ሽማግሌዎቹ የሚያልፉበት ደጅ ነው። ውስጥ ቢያስገቡት ይሸታል። ኋላ አንድ ብልሃት መጣላቸው። ፀሐይ ላይ አቆሙት፤ ዳር ዳሩ መቅለጥ ሲጀምር መታጠቢያ ቤት አስገብተው የፈላ ውሃ ከለሱበት፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፉት። ጉድጉድ፣ ጉድጉድ አለ፤ ሄደ። አቶ ኤርሳዶ ባዶውን ጄሪካን አጥበው አልጋ ሥር ከተቱትና እጃቸውን አራገፉ። ሥራ ማለት እንዲህ ነው አሉ በልባቸው። ደስ ብሏቸው ሱፋቸውን ለበሱ።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ነን ብለው ደወሉ። አቶ ኤርሳዶ ሊሉ ያሰቡትን በመስተዋት ፊት ቆመው ተለማመዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሽማግሌ ቶሎ እሺ አይባልም። "እናስብበት፤ ዘመድ እናማክር፤ ሌላ ቀን ኑ" ይባላል። ድምፃቸውን ወፈር አድርገው "ዘመድ እናማክር" ሲሉ ነበር ከታች የወይዘሮ ተናኜ ጩኸት የተሰማው።

"በስመ አብ! ኧረ የሰው ያለህ! ማንሆሉ ገነፈለ!"

አቶ ኤርሳዶ ወደ በረንዳው ሮጡ። የደረጃው አፍ ላይ ያለው የማንሆል ክዳን ዙሪያውን አረፋ ደፍቆ፣ ጥቁርና ግራጫ ውሃ እየተፋ ነበር። ውሃው የብሎኩን ደጅ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል። ሽታውስ! ከወይዘሮ ማዕዛ ቁሌት ጋር ተቀላቅሎ ፎቅ ለፎቅ ወጣ። ቅዳሜ ስለሆነ የብሎኩ ሰው ሁሉ ልብስ አጣቢ ነው፤ ያ ሁሉ የሳሙና ውሃ መሄጃ አጥቶ በአንድ ቀዳዳ ተመለሰ። የፍሳሽ ማንሻ መኪና ያለው ሰው ተደወለለት፤ "ሰንዳፋ ነኝ፤ ማታ ልሞክር" አለ።

እና በዚህ መሀል ሁለት መኪና መጥቶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ከፊት የቆሙት አቶ እሸቴ ነበሩ፤ የአብኔዘር አያት ታናሽ ወንድም፣ ረጅም፣ ሸበቶ፣ ከዘራ የያዙ፣ የጫማቸው ቀለም የሚያበራ ሰው። ከዘራቸውን ኩሬው ዳር ተከሉና ቆሙ።

አቶ ኤርሳዶ ወርደው ከደረጃው አፍ፣ ከኩሬው ማዶ ቆመዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር፤ ግን መሬቱም እንደማይመች ያዩታል።

"ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን" አሉ አቶ እሸቴ።

"ይሁን፣ አሜን… ይቅርታ፣ ትንሽ… ቱቦው…"

"ምንም አይደለም። ሽማግሌ መቆም ልማዱ ነው" አሉ አቶ እሸቴ ዙሪያቸውን እየቃኙ። "ከበር እንደምንቆም ነበር ያሰብነው፤ እናንተ ከወንዝ ማዶ አቆማችሁን።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አቶ ኤርሳዶ ሊስቁ ሞክረው አልሆነላቸውም። ጡብ ደርድረው መሻገሪያ ሊሠሩ አሰቡ፤ ግን ውሃው ይጨምር እንጂ አይቀንስም። ያኔ የወይዘሮ ተናኜ በር ተከፈተ።

ናኦሚ ወጣች። ሐምራዊ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ አስራ፣ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ እጇ ላይ እስከ ክንድ የሚደርስ ጓንት፣ ትከሻዋ ላይ ጫፉ የቆለመመ ረጅም የብረት ዘንግ። አቶ ኤርሳዶ በዓይናቸው "ግቢ" አሏት። አላየቻቸውም። በቅንድባቸው ደገሙ። አይታ እንዳላየች ሆነች።

"ጤና ይስጥልኝ፣ አባቶቼ" አለች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ ጎንበስ ብላ። "ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ትሉልኛላችሁ? ሲለቀቅ ሊረጭ ይችላል።"

"ይህቺ ልጅ ማን ናት?" አሉ አቶ እሸቴ።

ወይዘሮ ተናኜ ልጅቷ እንዳትታይ አደራ የተሰጣቸው ነበሩ። ግን ሴትዮዋ ሲጠየቁ ዝም ማለት አያውቁም። "ልትጠይቋት የመጣችሁላት ናት!" አሉ ከበራቸው ላይ ሆነው።

"ላቦራቶሪ የምትሠራው?"

"አዎ፣ አባባ" አለች ናኦሚ ክዳኑን በዘንጉ ጫፍ እየፈነቀለች። "የላቦራቶሪው ውሃ የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው።"

አቶ ኤርሳዶ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አለቀ፤ ዓረፍተ ነገሩ ተጨረሰ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ልጃቸው ማንሆሉ አፍ ላይ ተንበርክካ ዘንጉን ወደ ታች እየወጋች ነበር። ወጋች፣ አዞረች፣ ሳበች። ሁለት ሦስቴ ምንም አልወጣም። ኋላ ግን ዘንጉ አንድ ነገር ነከሰ። ቀስ ብላ ስትስበው የሕፃን ራስ የሚያህል፣ ነጭ፣ የጨርቅና የፀጉር ጥራጊ የተጣበቀበት ቅባት ተንጠልጥሎ ወጣ። ቱቦውም እንደ ሰው ጉሮሮ ጉርርር ብሎ ውሃውን መዋጥ ጀመረ። ኩሬው ዳር ዳሩን እየለቀቀ መሀል ላይ ተሽከረከረ። በየበረንዳው የተንጠለጠለው ሕዝብ አጨበጨበ፤ አንዱማ አፏጨ።

አቶ እሸቴ በከዘራቸው ቅባቱን ነካ አደረጉት። "ምንድን ነው ይሄ? ሳሙና ነው?"

"የወጥ ቤት ቅባት ነው፣ አባባ። ሙቅ ሆኖ ሲደፉት ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። እዚያ ሆኖ የመጣውን ሁሉ ይይዛል። ይሄ ደግሞ ገና አልደረቀም።" በጣቷ ጫን አለችው። "ዛሬ የተደፋ ነው።"

"ዛሬ!" አሉ ወይዘሮ ተናኜ። "አወቅኩት! አራተኛ ፎቅ ናቸው! ትናንት ሲጠብሱ ሸቶኛል! አንቺ አስመረት! ነይ ውጪ፣ ጉድሽን እዪ!"

አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት እርጥብ ልብስ በእጇ እንደያዘች ብቅ አለች። "እኔ ምን አደረግኩ?" አለች። "ቤቴ ዘይት ካለቀ ሳምንት ሆነው፤ ሽሮ ነው የምንበላው!"

አቶ ኤርሳዶ አስመረትን ያውቋታል፤ አንድ ልጇን ይዛ ብቻዋን የምትኖር ዝምተኛ ሴት ናት። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው ያዩዋታል፤ ብሎኩ ሁሉ ያያታል። ናኦሚ ግን ወደ ላይ አላየችም። ቅባቱን ከዚህም ከዚያም አገላብጣ አሸተተችውና፣ ቀስ ብላ ዞራ አባቷን ተመለከተች። የገዛ ቤታቸው ቅቤ ሽታ ነበር።

"አስመረት አይደለችም" አሉ አቶ ኤርሳዶ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ነኝ።"

ሽማግሌዎቹ ከአስመረት ወደ እሳቸው ዞሩ።

"ጄሪካኑን እኔ ነኝ የደፋሁት። ሙሉውን። ለእናንተ ደጅ ላሳምር ብዬ ነው" አሉ ለአቶ እሸቴ። "ልጄ በስንት ውትወታ ያጠራቀመችውን አቅልጬ፣ ሙቅ ውሃ ጨምሬ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ለቀቅኩት። አንቺ አስመረት፣ ይቅር በይኝ። ላቦራቶሪ ያልኳችሁም ይኸው ነው። ልጄ ፍሳሽ ነው የምትመረምረው። አፈርኩበት መሰለኝ፣ በደንብ አልነገርኳችሁም።"

አቶ እሸቴ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከዘራቸውን ደገፍ ብለው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። የቀሩት ሽማግሌዎችም ተከተሉ፤ አስመረትም ከላይ ሳቀች፤ ወይዘሮ ተናኜ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ጋሽ ኤርሳዶ! ጋሽ ኤርሳዶ!" ሲሉ ወንበር ፍለጋ በእጃቸው ዳሰሱ።

"ምን ቸገረን ግን፣" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ ሲበርድለት፣ "ሄዶ ሄዶ ወንዝ ነው የሚገባው። የኛ ውሃ ደግሞ አዋሽ ነው፤ አዋሽ ባሕር አይደርስ! በረሃ ይጠጣዋል።"

ናኦሚ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። "ልክ ነዎት፣ ባሕር አይደርስም። ከእንጦጦ ማዶ የሚወርደው ነው በአባይ አድርጎ እስከ ሜዲትራኒያን የሚሄደው። የኛው ግን በረሃ ብቻ አይደለም የሚጠጣው፤ ሰው ይጠጣዋል።"

አቶ ኤርሳዶ ይህን ሲሰሙ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው የሎግያ ከተማ ትዝ አለቻቸው። ካዩዋት ስንት ዓመት አልፏል። መኪና ሲያቆሙ ሻይ የምትሸጥላቸው የአፋር ሴት ነበረች፤ ውሃውን በጄሪካን ከአዋሽ ቀድታ፣ በጨርቅ አጥልላ ታፈላዋለች። አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል "ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?" ብለዋት ነበር። "ከላይ፣ ከናንተ" ነበር ያለቻቸው። ያኔ ስቀው ሁለተኛ ብርጭቆ አዘዙ።

"ለመሆኑ ቅባቱና ምግቡ ውሃውን ምን ያደርገዋል?" አሉ አቶ እሸቴ። "መርዝ አይደል። የሚበላ ነገር ነው።"

"ጣጣው የሚበላ መሆኑ ነው፣ አባባ። ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኙ እንደ ድግስ ይሰበሰቡበታል፤ እየበሉ ይራባሉ። ሲበሉ ደግሞ ይተነፍሳሉ። ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ተንፍሰው ይጨርሱታል። ለዓሣው አይተርፍም። ወንዝም ይሁን፣ ሐይቅም ይሁን፣ ባሕርም ይሁን አንድ ነው። ትልልቅ ከተሞች ባሉበት ጠረፍ ዓሣ የማይኖርበት ባሕር አለ።"

አቶ እሸቴ ሳቃቸውን አቆሙ። "እኔ ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት" አሉ። "አንድ ማለዳ ዓሣው ሁሉ አፉን ከውሃ አውጥቶ ቧ ቧ ሲል አየን። ከዚያ በሆዱ ተገልብጦ ተንሳፈፈ። ሐይቁ ተቆጣ አሉን ትልልቆቹ። ይሄን ያህል ዘመን 'ምን አስቆጣው ይሆን?' እያልኩ ኖሬአለሁ።"

"አየር አጥሮት ይሆናል፣ አባባ። በሌላም ምክንያት ይሆናል፤ ግን አፉን ካወጣ አየር ነው የፈለገው።"

"አየር ነው የፈለገው" አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው። ከዚያ ወደ አቶ ኤርሳዶ ዞሩ። "እንግዲህ ውሃውም ጎደለ። እንግባ ወይስ እዚሁ እንጠይቅ?"

ወይዘሮ ማዕዛ ከላይ ሆነው "ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው!" አሉና ነገሩን ወሰኑት። ጡብ ተደረደረ፤ ሽማግሌዎቹ ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው ተሻገሩ። ሳሎን ገብተው በወጉ መሠረት ቆሙ። አቶ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "በእግዚአብሔር ፊት፣ በዚህ በተከበረ ቤት፣ ልጃችሁ ናኦሚን ለልጃችን ለአብኔዘር እንድትሰጡን ለመለመን ቆመናል" አሉ።

አቶ ኤርሳዶ በመስተዋት ፊት የተለማመዱት ቃል አንደበታቸው ላይ ነበር። "እንግዲህ… ዘመድ እናማክርና… ሌላ ቀን…"

"ሌላ ቀን ስንመጣ፣" አሉ አቶ እሸቴ ፍጹም በቁም ነገር፣ "ቱቦው ምን ይዞ እንደሚጠብቀን በምን እናውቃለን?"

ወይዘሮ ማዕዛ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሳቁ። አቶ ኤርሳዶም አልቻሉም። ከተሳቢ መኪናቸው ከወረዱ ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም ነበር።

"ተቀመጡ" አሉ። "ሰጥተናል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ወር ሞምባሳ ትሄዳለች። ስለዚሁ ስለ ቆሻሻው ጉዳይ ለዓለም ሰው ልትናገር ነው። ሠርግ ከዚያ በኋላ ነው።"

"ይሁን" አሉ አቶ እሸቴ እየተቀመጡ። "እኔንም የሚወስደኝ ባገኝ እሄድ ነበር። ዓሣውን እጠይቅላት ነበር።"

ተበላ፤ ተጠጣ። ናኦሚ እጇን በሎሚና በሳሙና ደጋግማ ታጥባ፣ ቀሚሷን ቀይራ ገባች። መደበቁ ቀርቶ ከአቶ እሸቴ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሽማግሌው ከጥያቄ አላረፉም። ቄራው እንዴት ይደረጋል? እበቱስ? ከቦሌ ሆቴሎች የሚወጣው? እሷም ትመልሳለች፤ አቶ ኤርሳዶ ደግሞ ስለ ባሕሩ የጨው ጣዕም በየመሀሉ ይጨምራሉ። ወይዘሮ ተናኜ አስመረትን ከአራተኛ ፎቅ ጎትተው አውርደው፣ ከልጇ ጋር ትልቅ የዶሮ ሳህን አቀረቡላትና "አንቺ፣ አፌ ነው፤ ልቤ አይደለም" አሏት።

አብኔዘር በዚህ ሁሉ ጊዜ የባቡሩ የመጨረሻ ፌርማታ ጋ ያለ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ማኪያቶ ላይ ማኪያቶ እየደራረበ ነበር። ስልኩ ዝም አለበት። እሺም እንቢም አልተባለም። መታገሥ ሲያቅተው ተነሥቶ በባጃጅ መጣ። ብሎኩ ደጅ ላይ ዘሎ ወረደ፤ ሰማያዊ ሱፍ፣ አዲስ ነጭ ጫማ። ቀና ብሎ የእነ ናኦሚን በረንዳ እያየ አንድ እርምጃ ተራመደና፣ ውሃው በሸሸበት ሥፍራ በቀረው ጭቃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ።

ናኦሚ ከበረንዳው ጮኸች። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መጡ። አቶ ኤርሳዶም ጎንበስ ብለው አዩት፤ ልጁ አንድ እግሩን አንሥቶ እንደ ሽመላ ቆሟል።

"ጋሼ… ምን አሉ?" አለ አብኔዘር ከታች። የሚጠይቀው ስለ ጫማው አልነበረም።

አቶ ኤርሳዶ ደረጃውን ወረዱ። በአንድ እጃቸው መጥረጊያ፣ በሌላው የውሃ ጎማ ይዘዋል። መጥረጊያውን ለአብኔዘር ሰጡት፤ ጎማውን ለራሳቸው አስቀሩ።

"ከበሩ ጀምር፣ ልጄ" አሉት። "ወደ ቦዩ እንዳትገፋው ብቻ፤ በአካፋ ነው የምናነሣው። ስንጨርስ ትበላለህ።"